መልስ፦ የልጅ ችፌ በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና እንዴት ይለካል?

እህቴ፣ «ሐኪሙ የሚያየው የልጄን ቆዳ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን እንደማንተኛ በምን ላሳየው?» ብለሻል። ለዚሁ የተዘጋጀ Dermatitis Family Impact (DFI) የሚባል መጠይቅ አለ። በብሪታንያ ተዘጋጅቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ስላለፈው ሳምንት 10 ነገር ይጠይቃል፦ የቤት ሥራ፣ ምግብ፣ የሌሎቹ ቤተሰቦች እንቅልፍ፣ መዝናናት፣ ገበያ፣ ወጪ፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ ከባል ወይም ከሌሎቹ ልጆች ጋር ያለ ግንኙነት፣ ሕክምናውን ማገዝ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ከፍተኛው ድምር 30 ነው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ጫናው ከባድ ነው።

እኔ ከሁሉም እንቅልፉን አስቀድማለሁ፤ ልጅ ሲያክ ባደረበት ቤት ድካሙም ጭንቀቱም ከዚያው ይጀምራል። መጠይቁን ባታገኚው እንኳ ለ7 ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሣችሁ፣ ለቅባት ስንት እንዳወጣችሁ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪው። መድኃኒቱ ሲቀየር ደግሞ እንደገና መዝግቢ። ቆዳው ተሽሎት እናንተ አሁንም የማትተኙ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪው።