በቤት ውስጥ ስለሚሠሩ ቀላል የጥፍር ሥዕሎች፦ ጥያቄና መልስ

የገዛ ጥፍሬን በገዛ እጄ መሣል ከጀመርኩ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ በዚህ ጉዳይ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎችም በዝተዋል። ዛሬ የተሰበሰቡትን በተራ እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬያቸዋለሁ። አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ስለ ሥዕሉ የተጠየቁ ቢመስሉም መልሳቸው ያለው ከሥዕሉ በፊት በሚቀባው ቀለም ቅጥነትና በአደራረቁ ውስጥ መሆኑን ነው።

ጥያቄ፦ ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። እንደ እኔ ላለ ሰው የሚሆን ንድፍ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ከነጠብጣብ ይጀምሩ። የቀለም ጠብታ ጥፍሩን ሲነካ በራሱ ባሕርይ ስለሚድበለበል፣ እጅዎ ጥቂት ቢንቀጠቀጥም ነጠብጣቡ ክብ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ራሱ ክብ የሆነ ስፒል፣ የደነዘ የስቴኪኒ ጫፍ ወይም ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ይበቃል። ጥቂት ቀለም በፎይል ላይ ያፍስሱና መሣሪያውን በቀጥታ ወደ ላይ አቁመው እየነከሩ ጥፍሩን ነካ ያድርጉ። ነጠብጣቦቹ እኩል እንዲሆኑ ከፈለጉ ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ አዲስ ይንከሩ፤ እያነሱ እንዲሄዱ ከፈለጉ ግን አንድ ጊዜ ነክረው ሦስት ወይም አራት ጊዜ በተከታታይ ያሳርፉ። አምስት ነጠብጣቦችን በክብ ደርድረው መካከላቸው ላይ በሌላ ቀለም አንድ ቢጨምሩ አበባ ይሆናል፤ ሁለት ነጠብጣቦችን ጎን ለጎን አሳርፈው ሳይደርቁ በሹል ጫፍ ወደ ታች ቢስቧቸው ደግሞ ልብ ይወጣል።

የእጅ መንቀጥቀጡን በተመለከተ፣ ሁለቱንም ክርኖች ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያም የሚሠራውን እጅ ትንሿን ጣት በሚሣለው እጅ ላይ ደገፍ ያድርጓት። ሁለቱ እጆች ከተደጋገፉ ቢንቀጠቀጡም አብረው ስለሚንቀጠቀጡ መስመሩ ብዙም አይበላሽም።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ለመጀመር የግድ መግዛት ያለብኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ቤዝ ኮት (ከቀለሙ በፊት ጥፍሩ ላይ የሚቀባው)፣ ቶፕ ኮት (በመጨረሻ ከሁሉም በላይ የሚቀባው)፣ ነጭ ቀለም፣ ከነጩ ጋር ጎልተው የሚታዩ አንድ ወይም ሁለት ቀለሞች፣ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) እና አንድ በጣም ቀጭን የሥዕል ብሩሽ። ነጩን ያላስቀርሁት በምክንያት ነው፤ ደማቅ ቀለሞች ከሥራቸው ነጭ ሲኖር ይበልጥ ደምቀው ይታያሉ። በሃያና በሠላሳ ዓይነት መሣሪያ የተሞሉ ጥቅሎችን ለጀማሪ አልመክርም፤ አብዛኛው ዕቃ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የቱንም ያህል ተጠንቅቄ ብቀባው በሁለት ቀን ውስጥ ከጫፉ ይላጣል። ጥፋቱ የቀለሙ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ቀለሙን ከመውቀስዎ በፊት ጥፍሩ እንዴት እንደተዘጋጀ ይመልከቱ። ብዙ ሰው ጥፍሩን በሙቅ ውኃ ከዘፈዘፈ በኋላ ወዲያው ይቀባል። ጥፍር ግን ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃ ሲመጥጥም ያብጣል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይኮማተራል። እብጠቱ ላይ የደረቀው ቀለም ጥፍሩ ሲኮማተር አብሮት መኮማተር ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ይላጣል። ስለዚህ እጅዎን ከታጠቡ በኋላ ጥፍሩ በደንብ እስኪደርቅ ይቆዩ። ቀጥሎም ጥጥ በአሴቶን አርሰው እያንዳንዱን ጥፍር ይጥረጉ፤ ንጹሕ በሚመስል ጥፍር ላይ እንኳ የቅባትና የሎሽን ቅሪት አይጠፋም፣ ቀለም ደግሞ በቅባት ላይ አይይዝም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቅቡ ነው። አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅቦችን መደራረብ ይሻላል። የተለመደው የጥፍር ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያሉት ፈሳሾች፣ በተለይ ኤቲል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት፣ ተንነው ሲያልቁ ነው። ወፍራም ቅብ ከላይ ቆዳ ቢጤ አበጅቶ ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ ያፍነዋል፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ገና ለጋ ነው። ማታ ተቀብታችሁ ጠዋት የአንሶላ ጥለት ጥፍራችሁ ላይ ታትሞ ያገኛችሁት ለዚሁ ነው። ሲነካ የደረቀ የሚመስል ቀለም በሚገባ እስኪጠነክር ሰዓታት ስለሚፈጅበት፣ ቢቻል ከመኝታ በፊት ባይቀባ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእያንዳንዱ ቅብ ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ ውፍረት ላይ አንድ ጊዜ አግድም ሳብ ያድርጉት። መላጥ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ፣ የተሸፈነ ጫፍ በግልጽ ዕድሜው ይረዝማል። ቀለሙ ዙሪያው ያለውን ቆዳ እንዳይነካም ይጠንቀቁ፤ ቆዳው ሲንቀሳቀስ የተጣበቀበትን ቀለም ከጥፍሩ ላይ ያነሣዋል።

ጥያቄ፦ ሥዕሉን በስንት ድካም ከጨረስኩ በኋላ ቶፕ ኮት ስቀባ ይዞት ይሄዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ በእኔም ላይ ስንት ጊዜ እንደደረሰ አልቆጠርኩትም። ቶፕ ኮት ራሱ ፈሳሽ አሟሚ ስላለበት ገና ያልጠነከረውን ሥዕል መልሶ ያሟሟዋል፣ ብሩሹም ይጎትተዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥዕሉን ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ነጠብጣቦቹ ወፈር ካሉም ከዚያ በላይ ይቆዩ። ሁለተኛ፣ ብሩሹ ላይ ጠርቀም ያለ ቶፕ ኮት ይዘው የብሩሹ ፀጉር ጥፍሩን ሳይነካ ፈሳሹ ብቻ እንዲንሳፈፍበት አድርገው በአንድ ስበት ይጨርሱ። በቀጭኑ ቅቡ የሚለው ምክሬ የማይሠራበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የፍሬንች (የጥፍሩ ጫፍ ብቻ ነጭ የሚሆንበት ንድፍ) ነጩ መስመር ቀጥ አልልልኝ አለ።

መልስ፦ ስኮች ሊረዳዎት ይችላል። መጀመሪያ እጅዎ ላይ ለጥፈው በማንሣት የማጣበቅ ኃይሉን ይቀንሱት፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ በደረቀው መደብ ላይ ይለጥፉት። ነጩን ከቀቡ በኋላ ስኮቹን የሚያነሡት ቀለሙ ገና እርጥብ እያለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ቢነሣ ጠርዙን ቦጭቆ ይነሣል። እኔ ግን ከስኮች ይልቅ ትርፉን የማስወገዱን መንገድ እመርጣለሁ፦ ነጩን ያለ ጭንቀት እቀባና አሴቶን በነካ ቀጭን ብሩሽ የታችኛውን ጠርዝ እየጠረግሁ ቅርጽ አስይዘዋለሁ። ቅስቱን ሲሠሩ ብሩሹ ባለበት ይቆይ፤ የሚዞረው ጣትዎ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሁለት ቀለሞች ቀስ በቀስ ሲዋሐዱ የሚታይበት ንድፍ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ በስፖንጅ። ጥፍሩን ነጭ ወይም ከሁለቱ ፈዘዝ ያለውን ቀለም ቀብተው ያድርቁት። የሜካፕ ስፖንጅ ቁራጭ በውኃ ጥቂት አርሰው በደንብ ይጭመቁት፤ ደረቅ ስፖንጅ ቀለሙን ሁሉ ይጠጣዋል። ሁለቱን ቀለሞች ስፖንጁ ላይ ጎን ለጎን፣ መገናኛቸው ላይ ጥቂት እንዲደራረቡ አድርገው ይቀቡና ጥፍሩን ቀስ እያሉ ይደብደቡ፤ እጅዎን ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ ቢያንሸራትቱ ድንበሩ ይጠፋል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ገጹ ሸካራና አስቀያሚ ሆኖ ሲታይ ተስፋ አይቁረጡ፤ ቶፕ ኮቱ ሁሉንም ያለሰልሰዋል፣ ውሕደቱንም ያጠናቅቃል። በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ አስቀድመው ቫዝሊን ቢቀቡት ጽዳቱ ይቀልላል፤ ቫዝሊኑ ጥፍሩን እንዳይነካ ግን ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ በውኃ ላይ ቀለም እያንጠባጠቡ የሚሠራውን የእብነ በረድ መልክ ያለው ንድፍ ሞክሬ ቀለሙ ወደ ታች ሰመጠብኝ።

መልስ፦ ውኃው ቀዝቃዛ ሆኖ ወይም ቀለሙ አርጅቶ ይሆናል። ለብ ያለ ውኃና በቀላሉ የሚፈስ አዲስ ቀለም ያስፈልጋል፣ ጠብታውም ከውኃው ወለል በጣም ቀርቦ መውደቅ አለበት። እውነቱን ለመናገር ግን ይህን ንድፍ ለጀማሪ አልመክርም፤ ከሚሣለው የሚባክነው ቀለም ይበልጣል፣ ጽዳቱም ሥራውን ያስረሳል።

ጥያቄ፦ በግራ እጄ ቀኝ እጄን መሣል አቃተኝ።

መልስ፦ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። በቀኝ እጅዎ ላይ ነጠብጣብ ወይም የስፖንጅ ሥራ ብቻ ያድርጉ፣ ቀጫጭን መስመሮቹን ለግራው ይተዉ። ከሁለቱ ደግሞ አስቸጋሪውን ሳይደክሙ አስቀድመው ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ የቆየ ቀለም ወፍሮብኛል። አሴቶን ብጨምርበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ለአንድ ቀን የተስተካከለ ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀለሙ ይበላሻል፤ ጥፍር ላይም ሳይይዝ ይቀራል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ፣ የጎደሉትን ፈሳሾች የሚተካ ማቅጠኛ ስላለ ከእሱ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ጨምረው ጠርሙሱን በመዳፎችዎ መካከል ያንከባልሉት። መናጥ የአየር አረፋ ሊፈጥር ይችላል፣ አረፋውም ጥፍር ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጄልና መብራቱን ገዝቼ ቤት ውስጥ ልሥራ ብዬ አስቤ ነበር። ምን ይመስልሻል?

መልስ፦ አንቺ ጀማሪ ከሆንሽ በተለመደው ቀለም ብትቆዪ ደስ ይለኛል። ጄል እንደ ተራ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ የመብራቱ ጨረር በውስጡ ያሉትን አክሪሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እርስ በርስ በማያያዝ ያጠነክረዋል። ያልጠነከረ ጄል በተደጋጋሚ ቆዳ ሲነካ፣ ወይም መብራቱ ከጄሉ ጋር ስለማይጣጣም በደንብ ሳይጠነክር ሲቀር፣ የቆዳ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ይህ አለርጂ ከመጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች በጥርስ ሕክምና ውስጥም ስለሚገኙ ጣጣው ከጥፍር ያልፋል። በአንዳንድ ጄሎች ውስጥ ማጠንከሪያ ሆኖ የሚገባው ቲፒኦ የተባለ ንጥረ ነገርም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ታግዷል። መሥራትሽ ካልቀረ መብራቱና ጄሉ ከአንድ አምራች ይሁኑ፣ ቆዳሽን የነካውን ጄል እጅሽን መብራቱ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት አጽጂው፣ ስታነሺውም በአሴቶን አርሰሽ እንጂ ልጠሽ አታንሺው፤ ሲላጥ የጥፍሩን የላይኛውን ንጣፍ ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ እኔም ልሣል እያለች ታስቸግረኛለች።

መልስ፦ በውኃ የተሠሩ፣ ሲፈለግ የሚላጡ የልጆች ቀለሞች አሉ፤ በእነሱ ነጠብጣብ ትሥራ። ጥፍሯን የምትበላ ከሆነ ግን ይቅርባት። አሴቶን በቀላሉ በእሳት የሚያያዝና ትነቱም የሚያፍን ስለሆነ ከእጇ ይራቅ፤ እርስዎም ሲጠቀሙበት መስኮት ይክፈቱ፣ ከምድጃና ከሻማም ይራቁ።

ጥያቄ፦ ቀዩን ቀለም ሳነሣው ጥፍሬ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

መልስ፦ ቀለሙ ያለ ቤዝ ኮት በመቀባቱ ጥፍሩ ውስጥ ገብቷል። አይሞርዱት፤ ጥፍሩን ከማሳሳት በቀር አይጠቅምም። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሥሩ እየተተካ ይሄዳል፤ ሙሉ ጥፍሩ ለመለወጥ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ቢጫነቱ ከጥፍሩ መወፈር ወይም ከሥጋው መላቀቅ ጋር ከመጣ ግን ጉዳዩ የቀለም ስላልሆነ ለሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ግሊተር (ብልጭልጭ ያለበት ቀለም) በምን ይነሣል?

መልስ፦ በፍተጋ አይነሣም። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ጥፍሩ ላይ አድርገው በፎይል ይጠቅልሉት፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይተው ጫን ብለው ይሳቡት።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጥፍሬን ሳላበላሽ የት ልለማመድ?

መልስ፦ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ። የምግብ ማስቀመጫ ፌስታል ጠፍጣፋ አድርገው ዘርግተው አንድ ስስ ቶፕ ኮት ይቀቡበት፣ ሲደርቅ አበባውንም መስመሩንም እንደ ልብዎ ይሣሉበት፣ በላዩ ደግሞ ሌላ ቶፕ ኮት ይጨምሩ። ለአንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በጥንቃቄ ሲላጥ ሥዕሉ እንደ ስቲከር ተነሥቶ ይመጣል። ያልተሳካውን ይጣሉት፤ የተሳካውን በጥፍርዎ ልክ ቆርጠው፣ የጥፍሩ መደብ ገና ሲያጣብቅ ይለጥፉትና በቶፕ ኮት ያሽጉት። የቀኝ እጅዎን ጥፍሮች በግራ እጅ መሣል ያስቸገራችሁም በዚሁ መንገድ ልትገላገሉ ትችላላችሁ።