የሦስት ቀን ሥልጠናን የሲፒዲ ነጥብ ወዳለው የኦንላይን ኮርስ ስለመቀየር

ጥያቄው «ማኅበራችን በፕሪኤክላምፕሲያ ላይ የሚሰጠውን የሦስት ቀን ሥልጠና የሲፒዲ ነጥብ ወዳለው የኦንላይን ኮርስ መቀየር ይፈልጋል፤ የቪዲዮ ቀረጻውን እንዴት እንጀምር?» የሚል ነው። ሲፒዲ የጤና ባለሙያ ለፈቃድ እድሳት የሚያቀርበው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ነው፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ደግሞ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም።

በቪዲዮ አትጀምሩ። ቀረጻ በጀቱን ይጨርሳል፤ ለኮርሱ ዕውቅና የሚሰጠው አካል (አክሬዲተሩ) ግን የሚያየው የፍላጎት ዳሰሳውን፣ ዓላማዎቹን፣ ምዘናውንና የሰዓት ስሌቱን ነው። ገምጋሚው አንድ ዓላማ አስተካክሉ ቢላችሁ የተቀረጸውን ክፍል ልትጥሉት ነው። ከዚያም በፊት ማኅበሩ ራሱ በሲፒዲ ሰጪነት ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ከሌለው፣ ካለው ማዕከል ጋር በጋራ አቅርቡት።

ዓላማውን በሚታይ ሥራ ጻፉት። «ስለ ማግኒዚየም ሰልፌት (በዚህ ሕመም የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ስለሚከላከለው መድኃኒት) ይረዳል» አይለካም። «ከባለ 50 በመቶ አምፑል ወደ 20 በመቶ የተበጠበጠ የ4 ግራም የደም ሥር መነሻ ዶዝ ያዘጋጃል» ይለካል፤ ጥያቄውም ከዚያው ይወጣል። መልሱ 8 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ከ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ጋር ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች በሕሙማን ክፍል (ዎርድ) ውስጥ ከሚሠሩ ስህተቶች ይምጡ። «4 ሚሊ በ16 ሚሊ ውሃ» ግራምን ከሚሊ ሊትር ጋር ያምታታውን ይይዛል፤ ዶዙ 2 ግራም ብቻ ይሆናል። «20 ሚሊ ሳይበጠበጥ» ደግሞ 10 ግራም ነው፤ አደገኛ። እንዲህ ሲሆን የተሳሳተው ሰው የት እንደሳተ ግብረ መልሱ ይነግረዋል። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውን ምርጫ እርሱት፤ ምንም አይለካም።

ለአንድ ፈተና 20 ጥያቄ ከፈለጋችሁ የጥያቄ ባንኩ ውስጥ 60 አስቀምጡ፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች ስክሪኑን በቴሌግራም ያሠራጩታል። ከሥልጠናው በፊት ሁሉም ማለት ይቻላል የመለሱትን ጥያቄም አውጡት።

የጉልበት ሪፍሌክስ ማየትና መርፌ መስጠት ግን በክሊክ አይመዘኑም። ሦስቱን ቀን በሙሉ ኦንላይን ከማድረግ አንዱን ቀን ለተግባር በአካል ማስቀረት ይሻላል።

ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰው በሰዓት ስሌት ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ኦንላይን ሲሆን የሦስት ቀን ነጥብ አያመጣም፤ የሻይ ሰዓቱና ትውውቁ የለማ! ለጽሑፍ፣ ኮርስ የሚፈጀውን ደቂቃ የሚገምተው የመርጀነር ቀመር መነሻ ይሆናል፦ የቃላቱን ብዛት በ0.00209፣ የጥያቄዎቹን በ2.78፣ የክብደት ደረጃውን (ከ1 እስከ 5) በ15.5 አባዙና ደምሩ፤ 22.3 ቀንሱ፤ የቀረውን በ0.9 አባዙ። 6,000 ቃል፣ 20 ጥያቄና ደረጃ 3 ከሆነ ወደ 83 ደቂቃ ይመጣል። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ሲጨመር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቀመሩ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጊዜውን ያሳንሳል። ስለዚህ ከታለመላቸው ባለሙያዎች ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑትን አስሞክሩና ሰዓታቸውን ያዙ። አዋላጅ ነርስ ለሚወስደው ኮርስ ስፔሻሊስት አታስሞክሩ። አማካዩን ሳይሆን መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ውሰዱ፤ ገጹን ከፍቶ ምሳ የሄደ አንድ ሰው አማካዩን ያበላሸዋል።

ስፖንሰር ካለ ይዘቱን አስቀድሞ አያይም፣ ገምጋሚም አይመርጥም። ለሐኪሞች ተከታታይ ትምህርት ሰጪዎች ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካው ኤሲሲኤምኢ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት መመዘኛ አዘጋጆች ያለፉትን 24 ወራት የገንዘብ ግንኙነት ያሳውቃሉ። ያንኑ ቅጽ ብትጠቀሙ አትጎዱም። መድኃኒቱም በንግድ ስሙ ሳይሆን በጄነሪክ (በመድኃኒቱ በራሱ) ስሙ ይጻፍ።

ከቴክኒኩ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። በስኮርም 1.2 (ኮርስን በማስተማሪያ ሲስተም ላይ ለመጫን በሚያገለግል የፋይል ደረጃ) የተሠራ ጥቅል የሰልጣኙን ቦታና መልስ የሚያስቀምጥበት መስክ 4,096 ፊደል ብቻ ይይዛል። ረጅም ሞጁል ሲሆን መስኩ ይሞላል፣ ሰልጣኙ ይጨርሳል፣ ሲስተሙ ግን «አልተጠናቀቀም» ይላል። ሞጁሉን በ15 ደቂቃ ቁረጡት፤ ፈተናውን ከጥቅሉ አውጥታችሁ በራሱ በሙድል (ኮርሱ በሚጫንበት የማስተማሪያ ሲስተም) ሥሩት፤ መብራት ቢጠፋ እስከዚያ የተመለሰው አይጠፋም። ቪዲዮው በሴኮንድ በ500 ኪሎቢት ቢሆን 10 ደቂቃው 37.5 ሜጋባይት ይበላል። ድምፅ ብቻውን በ48 ኪሎቢት 3.6 ሜጋባይት ነው፤ ወረዳ ላለ ባለሙያ ሁለቱንም አቅርቡ።

ሰርተፍኬቱ ላይ የሚወጣው ስም በሙያ ፈቃዱ ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር አንድ ይሁን። ፀሐይ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ትጻፋለች? ሲመዘገቡ የፈቃድ ቁጥር ጠይቁ፤ ሰርተፍኬቱ ላይም ማረጋገጫ ኮድ አድርጉበት። የዕውቅናው ማብቂያ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉና በዚያ ቀን ምዝገባው በራሱ እንዲዘጋ አድርጉ። ዕውቅናው ካለፈ በኋላ የተሰጠ ሰርተፍኬት ለፈቃድ እድሳት ሲቀርብ ውድቅ ይደረጋል፤ ስልካችሁ ላይ የሚደውለውም ሰልጣኙ ነው።