ዎርት ወይስ ኢስ?

እህቴ፣ በደች (በሆላንድ ቋንቋ) ተገብሮ ላይ፣ ማለትም እንደ "ተጠገነ" አድራጊው ሳይሆን የተደረገበት ነገር ባለቤት በሚሆንበት አነጋገር፣ "ዎርት" እና "ኢስ" መቼ መቼ እንደሚገቡ ግራ ገባኝ ብለሻል። እኔም እዚሁ ላይ ወራት ተቸግሬያለሁና የረዳኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ተይው። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን እሱ ነው። በአማርኛ አስቢው።

ሆላንድ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የሕንፃችን ሊፍት በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ "ደ ሊፍት ዎርት ኸሬፓሬርት።" እኔ "ተጠግኗል" ማለት መሰለኝ። ሁለት ፌስታል አስቤዛ ይዤ ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩ። ለካ "እየተጠገነ ነው" ማለት ኖሯል! በሳምንቱ ወረቀቱ ተቀየረ፦ "ደ ሊፍት ኢስ ኸሬፓሬርት።" አሁን ተጠግኗል። የተቀየረችው አንድ ቃል ብቻ ናት።

በቃ፣ "ዎርት" ሥራው ገና በሂደት ላይ ሲሆን ነው፤ ይጠገናል፣ እየተጠገነ ነው። "ኢስ" ሲሆን አልቋል። "ተጠገነ" ብለሽ ያለፈ ነገር ስትተርኪ "ዌርት" ይሆናል። አድራጊው ከተጠቀሰ "ዶር" ይገባል፤ የኛው "በ" ማለት ነው።

ደብዳቤ ላይ ይህን መለየት ወሳኝ ነው። "ማመልከቻዎ ዎርት በሃንደልት" ካለሽ እየታየ ነው፣ ጠብቂ። "ኢስ አፍኸዌዘን" ካለ ግን ውድቅ ተደርጓል፤ የመቃወሚያው ቀነ ገደብ እስከ መቼ እንደሆነ ወዲያው ፈልጊ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። "ኢስ" ባየሽ ቁጥር ተገብሮ ነው ማለት አይደለም። "ደ ትሬይን ኢስ ፈርትሮከን" ባቡሩ ሄዷል ማለት ነው። ራሱ ሄደ እንጂ በማንም አልተደረገም። እኔ "በማን?" ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ትርጉም ካልሰጠ ተገብሮ አይደለም።

በጣም የምወደው ግን "ኤር" በምትባል ቃል የሚጀምረውን ተገብሮ ነው። "ኤር ዎርት ኸዳንስት።" ይጨፈራል ማለት ነው። ማን እንደሚጨፍር አልተነገረም፣ ባለቤትም የለውም። ክፍል ውስጥ ይህ ሲመጣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ተቸገሩ። እኔ ግን የሰርግ ወሬ ነው ትዝ ያለኝ፦ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ! ማን በላ፣ ማን ጨፈረ ብሎ የሚጠይቅ አለ? በደችም "ኤር ዌርት ኸኼተን፣ ኸድሮንከን ኤን ኸዳንስት" ነው የሚባለው። ቁርጥ የኛው አባባል።

ያስቸገረሽ ዓረፍተ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊው፣ አብረን እናየዋለን።