የቤት ጥያቄ፦ ሲሚንቶው ለምን ረገፈ?

የዚህ እትም ደብዳቤዎች የመጡት ባሕር ዳር እየሠሩ ዙሪያዋ ከሚኖሩ አንባቢዎች ነው። የከተማው ኪራይ ሲከብድ መሸንቲ፣ ዘንዘልማ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር አሮጌ ጭቃ ቤት ገዝቶ ማደስ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከወንዙ ማዶ መመላለሱም ቀሏል። የሚገዙት ቤቶች ግን ብዙ ክረምት ያለ ጠጋኝ ያሳለፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ መሸንቲ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጭቃ ቤት ገዛን። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። አምና ግንቦት ላይ ውጪውን በሙሉ በሲሚንቶ አስለሰንነው። ክረምቱ ሳይወጣ ከጉልበት በታች ያለው አብጦ መርገፍ ጀመረ። ግንበኛው «ሲሚንቶው አንሶት ነው፤ አጠንክረን እንድገመው» ይላል። እንድገመው?

መልስ፦ አይድገሙት። ጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም እርጥበት ይስባል፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሲሚንቶ ልስን ደረቅ ስለሆነ አብሮት አይላወስም፤ በስንጥቁ የገባውንም ውሃ ተመልሶ እንዲወጣ አይፈቅድም። ከጀርባው ያለው ጭቃ ይላሽቅና ልስኑ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። የሲሚንቶውና የአሸዋው መጠን 1 ለ 3 የነበረውን 1 ለ 2 ብታደርጉት ይበልጥ ይጠነክራል፣ ግድግዳውም ይበልጥ ይታፈናል፤ በሚቀጥለው ክረምት ሲወድቅ ጭቃውንም ይዞ ይወርዳል።

መጀመሪያ መዶሻ ሳይሆን አካፋ ያንሱ። በአሮጌ ቤቶች ጥራጊና አመድ እየተደፋ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል በላይ ከፍ ይላል። የውጪው መሬት ከወለሉ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል በዙሪያው ይጥረጉት። ከዚያ ከግድግዳው ጀምሮ አንድ ሜትር ስፋት ያለውን መሬት በሜትር 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጪ አዘቅዝቀው ይጠቅጥቁት። ቀጥሎ ክፍክፉን ይለኩ። ከ60 ሳንቲሜትር ካነሰ ወራጆቹ ላይ እንጨት ቀጥለው ቆርቆሮውን ያርዝሙት፤ አሸንዳ ቢጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው። ልስኑ ከጉልበት በታች መርገፉ ራሱ ምስክር ነው፤ ከክፍክፉ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ የሚረጨው እስከዚያ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ልስኑ። በጣትዎ መገጣጠሚያ ያንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው፣ በመሮ ያንሱት። የታችኛውን 60 ሳንቲሜትር የቆመም ቢሆን ያንሱት። የላይኛው አጥብቆ ከያዘ አይነካካ፤ በግድ ሲነቀል ማገሩ ድረስ ያለውን ምርጊት ያወርዳል። ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና ያሳድሩት። ጠዋት በውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ገና ነው።

ለጭቃው ዋልካ አፈር አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ያልቃል። ቀይ አፈር ይሻላል፤ እሱም ለብቻው ሳይሆን ከአሸዋ ጋር። መጠኑ እንደ አፈሩ ስለሚለያይ ከሰው አይቀበሉ፣ ግድግዳው ላይ ይሞክሩት። አንድ እጅ አፈር በአንድ፣ በሁለትና በሦስት እጅ አሸዋ ሦስት ድብልቅ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ በአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ይምረጉ። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው አሸዋ አንሶታል፤ በመዳፍ ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል። ያልተሰነጠቀውንና ያልረገፈውን ይዘው ይቀጥሉ።

በተመረጠው ድብልቅ ላይ የጤፍ ጭድ ይነስንሱና ቢያንስ አንድ ሳምንት በውሃ ይቦካ፤ በየቀኑ ይረገጥ። መሽተት ሲጀምርና እጅ ላይ እንደ ሙጫ ሲለጠፍ ደርሷል። ቸኩለው በማግስቱ የመረጉት ጭቃ ጭዱ ስላልራሰ አይያያዝም፤ ሥራው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚዘለለውም ይሄው ደረጃ ነው።

አሮጌውን ግድግዳ በውሃ ረጨት ያድርጉ። የመጀመሪያውን ምርጊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ይምረጉ፤ ሳይደርቅ በሚስማር ይጫጫር፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ አርጥበው 1 ሳንቲሜትር ልስን ይደርቡ፤ በፍራታሶ (በማለስለሻ ጣውላ) ይታሽ። ነጭ መልክ ከፈለጉ በመጨረሻ በውሃ የቀጠነ ኖራ ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀቡት። የፕላስቲክ ቀለም ከቀቡት ግን ወደ ሲሚንቶው ችግር ተመለሱ ማለት ነው። ለሥራው ጥቅምትና ኅዳር ምቹ ናቸው፤ በመጋቢት ፀሐይ ከተለሰነ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

«የዶሮ ሽቦ በሚስማር መትተን በላዩ እንለስን» የሚሉ አሉ። በረንዳ ባለው ደረቅ ግድግዳ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሽቦው ግን ሲሚንቶውን ይይዘዋል እንጂ ጭቃውን አያደርቀውም።

ጥያቄ፦ ዘንዘልማ ያለው የአባቴ ቤት የማዕዘን ቋሚው ሲመታ ባዶ ነው የሚመስለው፤ በሩም መዝጋት አስቸግሯል። አናጢው የተቃጠለ ዘይት እናፍስበት ይላል። ምስጥ ይሆን? ቤቱን ሳናፈርስ ቋሚ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቋሚውን ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በወስፌ ይውጉት፤ ሳይታገል አንድ ጣት ያህል ከገባ እንጨቱ አልቋል። ግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያህል የአፈር ዋሻ ካለ ምስጥ ነው። ከሌለ እርጥበት ያመጣው ብስባሽ ሊሆን ይችላል፤ እንጨት አየርና ውሃ በሚገናኙበት በመሬቱ ከንፈር ላይ ነው ፈጥኖ የሚበሰብሰው። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው፦ እንጨቱን ከአፈር ማንሳት። የተቃጠለ ዘይት ከላይ ብቻ ነው የሚቀባው፤ ወደ ልቡ አይገባም፣ ሲዘንብም ወደ ጉድጓድ ውሃዎ ይወርዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቋሚ ብቻ ይሠራል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አይነኩም። ከቋሚው ግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ወፍራም ጣውላ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ የመኪና ክሪክ፣ በክሪኩ ላይ እስከ አግዳሚው የሚደርስ ጠንካራ የባህር ዛፍ ግንድ ይቆማል። ሁለቱን ክሪኮች እያፈራረቁ በጥቂቱ ያንሱ፤ ክብደቱን እስኪቀበሉ ብቻ፣ ከ5 ሚሊሜትር አይበልጥ። ቤቱ በዓመታት ነው የሰመጠው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀጥ ላድርገው ያለ ሰው የግድግዳውን ልስን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቃል፣ ሚስማሮቹንም ይነቅላል።

ከዚያ የበሰበሰው ይቆረጣል፤ ጤነኛው እንጨት ከጀመረበት ሌላ 20 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ታልፎ። ከሥሩ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈርና በ1 ለ 2 ለ 4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ኮንክሪት ይሞላል። አንድ የ50 ኪሎ ሲሚንቶ ለሁለት እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይበቃል። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ሁለት 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የብረት ላሜራዎች ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይቀበሩበታል። በላሜራዎቹ መካከል ኮንክሪቱ ከመሬት 25 ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል ሣጥን ተሠርቶ ይሞላል። ለሰባት ቀን በእርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን፤ ክሪኩ ከዚያ በፊት አይውረድ። የቋሚው ጫፍ ወፍራም የብረት ሳህን ላይ ያርፋል፤ ግራና ቀኝ በሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን ከላሜራዎቹ ጋር ይታሰራል።

ምስጥ ኮንክሪት ላይም ይወጣል፤ ልዩነቱ አሁን ዋሻው ፊት ለፊት ይታይዎታል። በየሳምንቱ በመጥረጊያ ያፍርሱት። ማገዶ ግድግዳ ላይ አይደገፍ። የእርሻ መድኃኒት ገዝተው መኝታ ቤት ሥር አይርጩ፤ ይህ ሥራ የባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ከጭቃው ቤት ጋር አያይዘን በብሎኬት ሁለት ክፍል ጨመርን። መሬቱ ዋልካ ነው። ከመስኮቱ ጥግ ወደ ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለ፤ በበጋ ይሰፋል። ከቤቱ አራት ሜትር ላይ ትልቅ ባህር ዛፍ አለ። እንቁረጠው?

መልስ፦ አሁን አይቁረጡት፣ ስንጥቁንም አይድፈኑት። ዋልካ ሲርስ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ዛፉ ደግሞ በአንድ ጎን ያለውን ውሃ ይመጥጣል። ስንጥቁን አቋርጦ በሁለቱም ወገን ቀጭን የእርሳስ መስመር ያስምሩና በሚያዝያ መጨረሻ፣ በመስከረምና በጥር በመካከሉ ያለውን ርቀት ይለኩ። ሄዶ የሚመለስ ከሆነ ጥፋቱ የእርጥበቱ መለዋወጥ ነው፤ እየሰፋ ብቻ ከሄደ መሠረቱ እየሰመጠ ስለሆነ መሐንዲስ ይጥሩ። ዛፉ ሲቆረጥ የደረቀው አፈር መልሶ ይነፋል፤ ስለዚህ ከቆረጡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፈው ነው የሚጠግኑት። አሮጌውና አዲሱ ቤት በአንድ ልስን ከተያያዙ ደግሞ ይለያዩ፤ በመካከላቸው 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውና ላዩን በቆርቆሮ ይክደኑት።

ጥያቄ፦ ምጣድ ስንሰካ አውቶማቲኩ ይወርዳል፣ ሽቦውም ይሞቃል። በትልቅ ቀይሩት ተባልን።

መልስ፦ ሽቦው ሳይቀየር አውቶማቲኩን ማተለቅ ቤት ማቃጠል ነው። አንድ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ እንጀራው እስኪያልቅም ሳያርፍ። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ያንን አይችልም። ከሳጥኑ እስከ ምጣዱ የራሱ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፔር አውቶማቲክና ወደ መሬት የተቀበረ የመከላከያ ሽቦ ይኑረው። ሽቦው ጭቃ ውስጥ እርቃኑን አይቀበር፣ በፕላስቲክ ቱቦ ይለፍ፤ ጭዱ እርጥበት ይይዛል፣ አይጥም ሽፋኑን ትበላለች። የማስገቢያውን ብሎኖች ከአንድ ወር በኋላ ዋናውን አጥፍተው እንደገና ያጥብቋቸው፤ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ይላላሉ፣ ሶኬቱ የሚጠቁረውም በዚያ ነው።