ሌሊት የሚደነዝዙ ጣቶች

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ እውላለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ሌሊት አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሃል ጣቴ እየደነዘዙ ያባንኑኛል። እጄን ሳራግፈው ይተወኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ትንሿ ጣትዎ የማትደነዝዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእጅ አንጓዎ ላይ የተጫነ ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከ9 ጅማቶች ጋር አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይጋራል። ጅማቶቹን የሸፈነው ስስ ልባስ ሲያብጥ ወይም አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይጨፈለቃል። ሌሊት የሚብሰውም ተኝተን አንጓችንን ስለምናጥፍ ነው።

ስለዚህ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ለ6 ሳምንት በየሌሊቱ ያድርጉ። ጠበቅ ካለ ግን ነርቩን ጭራሽ ይጫነዋል፤ አንድ ጣት ከሥሩ ማለፍ አለበት። የኪቦርዱን የኋላ እግሮች አጥፈው ያስተኟቸው፤ ከፍ ሲል አንጓን ወደ ላይ ያጥፋል። ክርንዎ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ማውሱም ከኪቦርዱ አይራቅ። በየ30 ደቂቃው እጅዎን ለአንድ ደቂቃ ያሳርፉ። እጅ ያጠነክራል የሚባለውን ኳስ መጭመቅ ለጊዜው ይተዉት።

ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ፣ የአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ወይም ድንዛዜው ቀንም አልለቅ ካለ 6 ሳምንቱን ሳይጠብቁ ሐኪም ይዩ። ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ይህንኑ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ይመርመሩ።