«ትምህርቴን አቋርጬ ትወና ልግባ?» ለንደን ለምትኖር ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በስምንት ዓመትሽ ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን እንደመጣሽ፣ አሁን በ17 ዓመትሽ የኤ-ሌቭል (ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የብሪታንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ተማሪ እንደሆንሽ፣ እናትሽ ፋርማሲ እንድታጠኚ እንደሚፈልጉና ያንቺ ልብ ግን ትወና ላይ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ለሐሳብሽ ማስረጃ አድርገሽ ያቀረብሽው እንግሊዛዊውን የፊልም ተዋናይ ዳንኤል ካሉያን ነው። «እሱ የትወና ዲግሪ ሳይኖረው፣ ገና የእኔ እኩያ ሳለ በቴሌቪዥን ታይቷል፤ ታዲያ እኔስ ትምህርቴን አቋርጬ ኦዲሽን (ተዋንያን የሚመረጡበት ፈተና) ብቻ ብከታተል ምን አለበት?» ብለሻል። መልሴን ሳላስጠብቅሽ ልንገርሽ፤ ትምህርትሽን አታቋርጪ፣ ትወናውንም አትተዪ። ይህን የምልሽ አንቺንም እናትሽንም ላለማስቀየም ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የጠቀስሽውን ሰው አነሳስ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ነገሩ አንቺ ከገመትሽው በጣም የተለየ ስለሆነ ነው።

ካሉያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ውስጥ ተወለደ፤ ከኡጋንዳ የመጡት እናቱም ብቻቸውን በካምደን ሰፈር፣ በካውንስል ቤት (የአካባቢው አስተዳደር በሚያከራየው ቤት) አሳደጉት። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አንድ ተውኔት ጻፈ፤ ተውኔቱም በሃምስቴድ ቴአትር ለመድረክ በቃ። ኢስሊንግተን ውስጥ በሚገኘው በአና ሼር ቴአትርም ተምሯል። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1968 ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡበት የድራማ ክበብ ሆኖ የተጀመረ ሲሆን፣ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች በአነስተኛ ክፍያ የሚሠለጥኑበት፣ የተጻፈ ነገር ሳይዙ እዚያው ፈጥረው መተወንን የሚለማመዱበት ቤት ሆኖ ብዙ ታዋቂ ተዋንያንን አፍርቷል። ስለዚህ ካሉያ የትወና ዲግሪ የለውም ሲባል ሳይሠለጥን ካሜራ ፊት ቆመ ማለት አይደለም። አንቺ በቴሌቪዥን ያየሽው ወጣት የመጀመሪያ ተውኔቱን ከጻፈ ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው ስኪንስ በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የተሰጠው «ፖሽ ኬኔት» የተባለው ገጸ ባሕርይ ትንሽ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ። አንቺ ያየሽው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ያላየሽውን ላሳይሽ። የድራማው አዘጋጆች ስለ ወጣቶች የሚነገር ታሪክ በወጣቶች መጻፍ አለበት ብለው ልጆችን ከጸሐፊዎቹ ጋር ያስቀምጡ ነበር፤ ካሉያም ከነዚህ አንዱ ሆኖ ለድራማው ጽፏል። ይህ በሙያው ውስጥ ያለውን ቦታ ምን ያህል እንደሚለውጥ አስቢው። ተዋናይ ብቻ የሆነ ሰው ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃል። የሚጽፍ ተዋናይ ግን አንድ ትዕይንት ለምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ቃል እንደሚበዛ፣ የትኛው ዝምታ እንደሚበቃ ከውስጥ ያውቃል፤ ሥራ በሌለበት ወርም እጁ አይፈታም።

ቀጥሎ ወደ መድረክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሮያል ኮርት ቴአትር በቀረበ ሰከር ፓንች በተባለ ተውኔት ላይ ወጣት ቦክሰኛ ሆኖ በመሪ ተዋናይነት ሠራ፤ ለዚህም ክብደት ቀንሶ ቦክስ ሠልጥኗል። በየምሽቱ ሰው ፊት እያላበው፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ንግግሩን ማሰማት ነበረበት፤ በዚህ ሥራውም የዓመቱ ተስፋ ሰጪ አዲስ ተዋናይ ተብሎ ተሸለመ። በካሜራ ፊት የተሳሳትሽውን ደግመሽ ትቀረጪያለሽ፤ መድረክ ግን ይህን ዕድል አይሰጥሽም። ለዚህ ነው ለጀማሪ ተዋናይ ከሁሉም በላይ መድረክን የምመክረው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር 2011 መሆኑ ነው፣ ቻናል ፎር በተባለው የብሪታንያ ቴሌቪዥን ላይ በተላለፈ፣ ብላክ ሚረር የተባለ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ሲያሽከረክር የሚውል ወጣት ሆኖ ተወነ። ወደ መጨረሻው ላይ የታመቀ ቁጣውን በዳኞች ፊት የሚያፈስበት ረጅም ንግግር አለ፤ ካላየሽው እይው፤ አይተሽው ከሆነም ድምፁን አጥፍተሽ ፊቱን ብቻ ተከታተይ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆርዳን ፒል ካሉያን ለጌት አውት ፊልም እንዲያስበው ያደረገው ይህ ሥራው ነው። በኦዲሽኑ ላይ በፊልሙ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያነባበትን ትዕይንት ደጋግሞ ሲሠራ በእያንዳንዱ ሙከራ እንባው ይወርድ እንደነበር ፒል ተናግሯል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ ካሉያም በቀጣዩ ዓመት ለኦስካር ታጨ፤ በ2021 ደግሞ በሌላ ፊልም በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለመ።

አሁን ዓመታቱን ቁጠሪ። ከስኪንስ እስከ ጌት አውት አሥር ዓመት ነው። በዚህ መካከል ከብላክ ሚረር በኋላ እንኳ በሩ ወዲያው አልተከፈተለትም፤ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ሥራ ማነሱ ተስፋ አስቆርጦት ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ትወናን ትቶ እንደነበር ራሱ በቃለ ምልልስ ተናግሯል። ይህንን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ጊዜ አንቺም ላይ መምጣቱ ስለማይቀር ነው። ሲመጣ የቤት ኪራይ የምትከፍዪበት፣ ካስፈለገም ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትመለሺበት ነገር በእጅሽ እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ የኤ-ሌቭል ውጤት ደግሞ ይህንን ያደርግልሻል።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ልትሠሪው ስለምትችዪው እንነጋገር። የብሪታንያ ብሔራዊ የወጣቶች ቴአትር ከ14 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች ኦዲሽን ያደርጋል፤ ተመዝገቢ። አይደንቲቲ የተባለው የትወና ትምህርት ቤት፣ ታዋቂዎቹ ተዋንያን ጆን ቦየጋና ለቲሻ ራይት የወጡበት ማለት ነው፣ ሥልጠናው የሙሉ ቀን ስላልሆነ ከትምህርትሽ ጋር ሊሄድልሽ ይችላል። ራዳን፣ ላምዳንና ጊልድሆልን ለመሰሉት የሦስት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ቤቶች ለማመልከት ካሰብሽ ደግሞ፣ በተለምዶ አንድ የጥንት፣ ብዙውን ጊዜ የሼክስፒር፣ አንድም የዘመናችን የብቻ ንግግር ይጠየቃል፤ ከአሁኑ መርጠሽ በቃልሽ ያዢ። እነዚህን ስትሞክሪ ለዩኒቨርሲቲም ጎን ለጎን ማመልከት ትችያለሽ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ስለ ወኪል፣ ማለትም ለተዋናይ ሥራ ስለሚያፈላልግ ሰው፣ የጠየቅሽኝን በአጭሩ ልመልስ። ትክክለኛ ወኪል የሚከፈለው ሥራ አግኝተሽ ገንዘብ ስትቀበዪ፣ ከዚያ ላይ በመቶኛ ነው። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ወጣት «ፎቶ እናነሳሃለን፣ ስምህን እናስገባለን» ላሉት ሰዎች የሁለት ወር ደመወዙን ከፍሎ አንድም ኦዲሽን ሳያገኝ ቀርቷል፤ የደረሰኙን ወረቀት አጣጥፎ በኪሱ ይዞት መጥቶ ሲያሳየኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ወኪል ቢገጥምሽ ምንም ነገር ሳትፈርሚ ነይና አነጋግሪኝ። የተዋንያኑ ማኅበር ኢኩዊቲም በእንዲህ ያለው ጉዳይ ላይ ምክር ይሰጣል።

የቀረው የእናትሽ ጉዳይ ነው። ልጃቸውን ይዘው በሰው አገር ለቆሙ እናት ፋርማሲ ማለት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ልጄ አትንገላታብኝም ብለው የሚተኙበት እንቅልፍ ነው፤ ስለዚህ «አይገባሽም» አትበያቸው። ይልቁንም ከካሉያ የተማርሽውን እዚህ ላይ ሞክሪው። እናትና ልጅ ቡና ላይ ተቀምጠው ስለ ፋርማሲና ስለ ትወና የሚነጋገሩበትን አንድ ትዕይንት ጻፊ። በአቦሉ ላይ ማንም ጉዳዩን አያነሳም፤ በቶናው ላይ እናት ስለ አንዲት የጎረቤት ልጅ ምረቃ ትጀምራለች፤ በረካው ላይ የሚሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። የእናትየዋን ሐሳብ ከልጅቷ ባላነሰ ጥንካሬ ጻፊው፤ እሷ የምትለው ደካማ ከሆነ ትዕይንቱ አይቆምም። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ አማርኛና እንግሊዝኛው ቤታችሁ ውስጥ እንደሚቀላቀለው ይቀላቀል። ሁለቱንም ሰዎች ራስሽ እየተወንሽ በስልክሽ ቅረጪውና ጽሑፉን ከቅጂው ጋር ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ቀጠሯችን አብረን እናየዋለን፤ እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑም አብረውሽ ይምጡ፤ እሳቸውን የማናግራቸው ለብቻቸው ነው።