ስለ ልጅና ጋብቻ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ

እኔና ባለቤቴ በቁምስናችን (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) ለሚጋቡ ወጣቶች የጋብቻ ዝግጅት ትምህርት እንሰጣለን። ካህንም ሐኪምም አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ልጅ መውለድ ስለምታስተምረው ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። በክፍል ውስጥ አፍራችሁ የዋጣችሁትን ሁሉ ላካችሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ሁለታችንም ልጅ አንፈልግም። ተስማምተናል። በቤተ ክርስቲያን መጋባት እንችላለን?»

«ለጊዜው» ነው ወይስ «በፍጹም»? ሥራ እስክናገኝ ወይም እሷ ትምህርቷን እስክትጨርስ ከሆነ ያው ማዘግየት ነው። በቂ ምክንያት ካላችሁ የሚከለክላችሁ የለም። በፍጹም ከሆነ ግን ጋብቻው ከመነሻው አይጸናም። በላቲን (በሮማ) የአምልኮ ሥርዓት ለሆነ የ1983ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁጥር 1101፣ እንደ እኔ በግዕዝ ሥርዓት ለሆነ ደግሞ የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ቁጥር 824 አለ። የጋብቻን መሠረታዊ ነገር፣ ለምሳሌ ልጅን፣ በቁርጥ ፈቃዱ ያስወጣ ሰው በአፉ «እሺ» ቢልም ቃል ኪዳን አልገባም። ስለዚህ ካህኑ ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት። ካርዱ ታትሟል፣ የአዳራሹ ቀብድ ተከፍሏል ብላችሁ አትሸፋፍኑ።

«ስንት መውለድ አለብን? እናቴ ልጅ በዕድሉ ያድጋል ትላለች።»

ቁጥር የለም። እናትሽን አክብሪያት፣ ግን ያ የኛ የአበሻ አባባል እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ስብሰባ) በ1965 ውሳኔውን ለባልና ሚስት ነው የሰጠው። ጤናቸውን፣ ኑሯቸውን፣ የተወለዱትንም የሚወለዱትንም ልጆች አይተው በእግዚአብሔር ፊት ራሳቸው ይወስናሉ። ካህኑ አይወስንላቸውም። አማትማ ጭራሽ!

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቸስኮስ በጥር 2015 ከማኒላ ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ ስለ ጥንቸል የተናገሩትን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ጥሩ ካቶሊክ ለመሆን እንደ ጥንቸል መራባት ያስፈልጋል ብለው የሚያስቡ አሉ፣ ግን አይደለም ነው ያሉት። ሰባት ልጅ በኦፕራሲዮን ወልዳ ስምንተኛውን ያረገዘችን ሴት እንደ ገሠጹም እዚያው ተናግረዋል። ሰባቱን ያለ እናት ልታስቀሪ ነው ወይ ብለው።

ሌላም ጎን አለው። ያው ጉባኤ በልባቸው ስፋት፣ አስበውበት ብዙ ልጅ የሚያሳድጉትን ለይቶ ያመሰግናል። በከተማ የማያቸው ጥንዶች ደግሞ «መኪና ገዝተን» ይሉና መኪናው ሲገዛ «ኮንዶሚኒየም ደርሶን» ይላሉ። ይኼን በቂ ምክንያት ለማለት ይከብደኛል።

«ቀን ቆጥሮ መከልከልና እንክብል መዋጥ ምን ለየው? ዓላማው አንድ አይደል?»

ሃያ ሦስት ሰው የጠየቀኝ ይኼንን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓላማው አንድ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ ግን ይለያያል። እኔ ሁልጊዜ የምሰጠው ምሳሌ የጓደኛ ምሥጢር ነው። ምሥጢሩን ለመጠበቅ ዝም ማለት ትችላለህ፣ መዋሸትም ትችላለህ። ምሥጢሩ በሁለቱም ይጠበቃል። ዝምታውን ግን ውሸት ብሎ የሚጠራው የለም።

ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ሐምሌ 25 ቀን 1968 ባወጡት «ሁማኔ ቪቴ» በተባለው ስለ ልጅ መውለድ በሚያስተምረው መልእክት የሚሉት ይህ ነው። የባልና ሚስት ግንኙነት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል፤ አንድ ያደርጋቸዋል፣ ለሕይወትም በር ይከፍታል። ሰው እነዚህን ሁለቱን በገዛ እጁ መነጣጠል የለበትም። ሴት በወር ውስጥ የማታረግዝባቸው ቀናት ያሏት በተፈጥሮ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚገናኙ ጥንዶች ምንም አልነጠሉም። የሚታቀቡትም እንዲሁ። እንክብሉ፣ መርፌው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውና ኮንዶሙ ግን ድርጊቱን ራሱን እንዳያፈራ አድርገው ይለውጡታል።

ምሳሌዬ ሁሉንም እንደማያሳምን አውቃለሁ። ካቶሊኮችም ሲከራከሩበት ኖረዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ያቋቋሙትና ጳውሎስ 6ኛ ያሰፉት ኮሚሽን ውስጥ ባለትዳሮችም ነበሩ። አብዛኛው አባል በ1966 ትምህርቱ ይለወጥ ብሎ ነበር። ጳውሎስ 6ኛ ግን አልተቀበሉትም። ይኼን ታሪክ የምነግራችሁ ጥያቄያችሁ የእምነት ማነስ እንዳይመስላችሁ ነው።

«ሐኪም ለሚያመኝ የወር አበባ እንክብል አዘዘልኝ። ኃጢአት ነው?»

አይደለም። ለሕመም ነው የምትወስጂው። «ሁማኔ ቪቴ» ቁጥር 15 በግልጽ ይፈቅዳል፣ እርግዝናውን መከልከሉ ዓላማሽ እስካልሆነ ድረስ።

«ቀን ቆጥሬ ነበር፣ ግን አረገዝኩ። ይኼ ዘዴ አይሠራም።»

ካላንደር ላይ ብቻ ቆጥረሽ ከሆነ አልገረመኝም። የወር አበባ ሰዓት አያከብርም። ዛሬ የሚሰጠው ትምህርት ሌላ ነው። በአውስትራሊያ ዶክተር ጆን ቢሊንግስና ባለቤቱ ዶክተር ኤቭሊን ያስፋፉት ዘዴ ሴቷ በየቀኑ የማኅፀን በር ፈሳሿን እንድታስተውል ያስተምራል። የሚያሙለጨልጭና እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ሲሆን ለማርገዝ ዝግጁ ናት። እንቁላሉ አንድ ቀን ያህል ቢቆይ ነው። የወንዱ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ስለሚቆይ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይጠይቃል። ይኼ ከጽሑፍ አይለመድም፣ የሚያስተምርሽ ሰው ፈልጊ።

የምታጠቡ እናቶችም ጠይቃችኋል። ልጁ ስድስት ወር ካልሞላው፣ የወር አበባ ካልተመለሰና ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከሆነ የሚጠባው፣ የማርገዝ ዕድሉ ከመቶ ከሁለት በታች ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን አትተማመኑበት።

«ዛሬ አይሆንም ስለው ባሌ አይሰማኝም። ሚስት እምቢ አትልም ይለኛል።»

እህቴ፣ ይኼን ሳነብ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። «መጀመሪያ ይኼንን መልስ» አለችኝ። ከላይ የጠቀስኩት «ሁማኔ ቪቴ»፣ ቁጥር 13፣ የትዳር ጓደኛን ሁኔታና ፍላጎት ሳይጠብቁ በግድ የሚፈጸም ግንኙነት እውነተኛ የፍቅር ተግባር አይደለም ይላል። ይኼን ለባልሽ አንብቢለት። ካስፈራሽ ወይም እጁን ካነሣብሽ ግን ጉዳዩ የወሊድ ዘዴ አይደለም። ከቤት ወጥተሽ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ አደጋ ሲኖር ተለይቶ መኖርን አትከለክልም።

«ስምንት ዓመት ሞላን፣ አልወለድንም። ቤተሰቦቹ ፍታት እያሉት ነው።»

አይችሉም። መካንነት ጋብቻን አይከለክልም፣ አያፈርስምም። ለልጅ ክፍት መሆን ማለት በር አለመዝጋት ነው፤ የሚገባውን የሚልከው እግዚአብሔር ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ሴቷን ብቻ ሐኪም ቤት የምታመላልሱ፣ ወንዱም ይመርመር እንጂ! የተዘጋ ቱቦ ማስከፈት፣ ሆርሞን ማስተካከል፣ ሁሉም ይፈቀዳል። ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ ማስጸነስን ግን በ1987 የወጣው የቫቲካን መመሪያ አይቀበለውም። በዚያ መንገድ የተወለደ ልጅ ግን እንደማንኛውም ልጅ ክቡር ነው። ጉዲፈቻም አለ።

«በ52 ዓመቴ ላገባ ነው። ልጅ ትቀበላላችሁ ወይ ብለው ይጠይቁኛል?»

ዕድሜያችሁ ከገፋ ያ ጥያቄ ሊዘለል ይችላል። እንኳን ደስ አለሽ!

«ከሦስተኛው ልጄ በኋላ ሉፕ አስገብቻለሁ። መቁረብ እችላለሁ?»

ይኼ የእኔ መልስ አይደለም፣ የኑዛዜ ነው። ካህኑ ሊቆጣሽ አልተቀመጠም። በ1997 ለአናዛዦች በወጣው መመሪያም በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥትና ርኅራኄ ተጠይቋል። አስወጥተሽ ወደ ተፈጥሯዊው ዘዴ ለመሄድ ካሰብሽ ግን መጀመሪያ ተማሪ፣ ባልሽንም ይዘሽው ነይ። አንቺ ብቻ ተምረሽ እሱ ካልገባው ምን ዋጋ አለው?